ነጥቧ ስትቆም

የግብፅ ጥንብ አንሳ በቡልጋሪያ ገደሎች ላይ ትፈለፈላለች፤ የአውሮፓ ብርድ ሲቃረብ ቱርክንና መካከለኛው ምሥራቅን አቋርጣ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች፤ ከመካከላቸው ኢትዮጵያ የሚደርሱ አሉ። ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ በምትመዝነው ወፍ ጀርባ ላይ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ያለችበትን ቦታ በጂፒኤስ እየለየ ይልካል፤ ተመራማሪውም ቢሮው ተቀምጦ ጉዞዋን ካርታ ላይ እንደምትሄድ ነጥብ ይከታተላል። አንድ ቀን ነጥቧ ትቆማለች። ወፏ ኤሌክትሪክ ገድሏት ይሆናል፤ ለጅብ የተዘጋጀ የተመረዘ ሥጋ በልታ ይሆናል፤ ማሰሪያው ተበጥሶ መሣሪያው ብቻ ወድቆም ይሆናል። ካርታው ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። በእኔ እምነት የመከታተያ መሣሪያ ትልቁ አገልግሎት የት ሄደን መጠየቅ እንዳለብን መጠቆሙ ነው፤ መልሱን የሚያመጣው ቦታው ድረስ የሚሄድ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ለመሣሪያው የሚወጣው ገንዘብና የሚሰጠው ክብር ለዚህ ሰው ካልደረሰ ጥናቱ ጎዶሎ ነው።

የፖርት ሱዳንን መስመር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ፣ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። ዛፍ በሌለበት በረሃ ምሰሶ ለወፍ ጥሩ ማረፊያ ነው፤ ክንፏን ስትዘረጋ ሽቦውንና ብረቱን አንድ ላይ ከነካች ግን አለቀላት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ ከምሰሶዎቹ ሥር ከ50 በላይ የጥንብ አንሳ በድን ቆጠረ። ይህን የነገረን ሳተላይት አልነበረም፤ መስመሩን ተከትሎ የተጓዘ ሰው ነው። በ2010 ሌሎች ሄደው 17 በድን አገኙ፤ መስመሩ የተቋረጠው ግን በ2014 ነው። ከመጀመሪያው ቆጠራ እስከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፏል፤ በእነዚያ ዓመታት ያለቁትን ወፎች ሳስብ በጣም ያሳዝነኛል።

በእግር የሚሄድ ሰው ሦስት አህጉር የምታቋርጥን ወፍ ሊከተል አይችልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ከባልካን የሚነሱ ጫጩቶች በመጀመሪያ ጉዟቸው በቀጥታ ወደ ደቡብ እየበረሩ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ እንደሚያልቁ ያለ መሣሪያ ማን ያውቅ ነበር? ነገር ግን ነጥቡ ያሳየው ባሕር ላይ መጥፋታቸውን ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ምክንያቱን የፈለጉት ከወፎቹ አኗኗር ነው፦ የባልካን ጥንብ አንሳዎች ቁጥር በመመናመኑ፣ በየብስ ዞሮ የሚያልፈውን መንገድ የሚያውቅና ጫጩቶቹ የሚከተሉት ትልቅ ወፍ ጠፍቷል። በ1822 ጀርመን ውስጥ ክሉትስ አጠገብ አንገቱ ላይ ጦር የተሰካበት ሽመላ በተገኘ ጊዜም ነገሩ ይኸው ነበር፤ የጦሩ እንጨት የአፍሪካ መሆኑን የለየ ዓይን ባይኖር ሽመላው የት እንደከረመ አይታወቅም ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የሚመጣው ሰውን ስንከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የሞባይል ስልክ መረጃ መርምሮ፣ ቦታና ሰዓት የያዙ አራት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ከሌላው ለይተው ለማወቅ እንደሚበቁ አሳይቷል። ስም መሰረዝ ማንንም አይደብቅም፤ ማታ የሚያድርበትና ቀን የሚውልበት ቦታ ራሱ ስሙ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ሰው ሲሆን፣ ወደ ነጥቡ የሚኬደው የሰውየው ፈቃድ ከተጠየቀ በኋላ መሆን አለበት። አውሬም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ በዚያው ዓመት በህንድ ፓና ጥብቅ ደን የአንድ ነብር የአንገት መሣሪያ መረጃ የሚደርስበትን ኢሜይል ሰብሮ ለመግባት ሙከራ መደረጉ ተዘግቧል። ነጥቡን ለአዳኝ አሳልፎ መስጠት ነብሩን መግደል ነው።

ነጥቧ ወደቆመችበት ቦታ ሰው ለመላክ ወጪው ይበዛል የሚለው መከራከሪያ አያሳምነኝም። በቆላ ሙቀት የወፍ በድን አይቆይም፤ የተቃጠለ ላባ የሚታየው፣ መርዝ የሚለይበት ናሙና የሚወሰደው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። የጥናት በጀት ሲነደፍ ነጥቧ በቆመችበት ዕለት የሚነሳ መኪና፣ ነዳጅና ለአካባቢው አርብቶ አደር የሚከፈል አበል ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ ይያዝ። ጅብ ከቀደመ የሚገኘው ማሰሪያውና መሣሪያው ብቻ ነው።