በቀይ ባሕር ሥር የተኛችው መርከብ

የሰጠመች መርከብ ታሪክ የሰውን ልቡና እንደሚስብ የታወቀ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ሰጥማ 1,500 ያህል ነፍስ የጠፋባት «ታይታኒክ» በሥዕልም፣ በመጽሐፍም፣ በሲኒማም እስከ ዛሬ ትታያለች፤ በ1997 የወጣላት ፊልምም 11 የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወሳው በሱዳን ጠረፍ ስለ ሰጠመችውና ለኢትዮጵያ ታሪክ ስለምትቀርበው ስለ «ኡምብርያ» ነው።

ይህች መርከብ በ1911 በሀምቡርግ ተሠርታ ኋላ በኢጣልያ እጅ ገባች። በ1940 ወደ ምጽዋ ስታመራ 360,000 ያህል የአውሮፕላን ቦምብ፣ ሲሚንቶና ሦስት የፊያት አውቶሞቢሎች ተጭነውባት ነበር። እንግሊዞች ጦርነቱ መቃረቡን ስለ ጠረጠሩ በፖርት ሱዳን አጠገብ አስቁመው ወታደሮች አሳፈሩባት።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. አዛዡ ሎሬንሶ ሙዬሳን አገሩ ወደ ጦርነት መግባቷን በራዲዮ ሰማ። በመርከቢቱ ላይ የነበሩት እንግሊዞች ግን ወሬው ገና አልደረሳቸውም። እርሱም ሠራተኞቹን ከአደጋ የመዳን ልምምድ ለማሠራት ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ሠራተኞቹ በጀልባ ሲወርዱ የመርከቢቱ የውሃ መዝጊያዎች ተከፍተው ነበርና ዊንጌት በሚባለው የመርጃን ዐለት አጠገብ ቀስ በቀስ ሰጠመች። አንድም ሰው አልሞተም።

አዛዡ ይህን ያደረገው ጭነቱ በጠላቶቹ እጅ እንዳይወድቅ ብሎ ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ አርበኛና ገበሬ ከኢጣልያ አውሮፕላን የሚወርደውን ቦምብ በሚገባ ያውቁት ነበር። ያ ሁሉ ጭነት ምጽዋ ቢደርስ ኖሮ በማን ላይ ሊወርድ ነበር? መርከቢቱ ከሰጠመች አንድ ወር ሳይሞላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ገቡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ በኦሜድላ በኩል አገራቸውን ረገጡ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የዘመተው ኦርድ ዊንጌትም የሱዳን ጠቅላይ ገዥ የነበሩት የሬጂናልድ ዊንጌት ዘመድ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በ1949 ወደ ፖርት ሱዳን መጥቶ ወደ መርከቢቱ ጠለቀ። በቀይ ባሕር ሥር ያነሣው ፊልምም በ1951 በቬኒስ ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ የያዙ ጠላቂዎች ከየአገሩ መጥተዋል። በሥዕላቸው ላይ በብረቱ ላይ የበቀለው መርጃን፣ በመስኮቱ የሚያልፈው ዓሣና በሰማያዊ ብርሃን የተከበቡት አውቶሞቢሎች እጅግ ያማሩ ናቸው። ተደርድረው የተቀመጡት ቦምቦች እንኳ የቤት ጌጥ ይመስላሉ።

እንግዲህ የምንለው ይህን ነው። የሰጠመች መርከብ የምትማርከን ወደ ታሰበበት ያልደረሰውን ነገር እንደ ቆመ ስለምታሳየን ይመስለናል። በ«ታይታኒክ» ያልደረሱት ሰዎች ናቸውና እናዝናለን፤ በ«ኡምብርያ» ያልደረሰው ሞት ነውና እናመሰግናለን። ምስጋናችን ግን ጥንቃቄን አያስረሳም፤ የባሕር ውሃ ብረትን ያዝጋል እንጂ የቦምብን ክፋት አያጥብም፤ ከጎኑም ሰው የሚኖርበት ከተማ አለ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የሰጠመች መርከብን ሥዕል ሲያዩ ውበቷን ያድንቁ፤ ነገር ግን ምን ጭና ወዴት ትሄድ እንደ ነበር መጠየቅን አይርሱ።