ከጀበል አውልያ እስከ አራት ኪሎ

አንድ ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ ላይ አንድ አባት አየሁ። ጎፈሩ ሰፍቷቸው በየደቂቃው ግንባራቸው ላይ ይወርዳል። ከኋላቸው የቆመው የልጅ ልጃቸው በጣቱ ገፋ እያደረገ ይመልስላቸዋል። ደረታቸው ላይ የተደረደረው ኒሻን የአባታቸው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በ1933 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ አርበኛ ዘንድሮ ቢኖር መቶ ዓመቱን ይይዛል። አበባው ተቀመጠ፣ ተፎከረ፣ ከረፋዱ በኋላ አደባባዩ ለታክሲ ተለቀቀ።

ዓድዋ እግር አግኝቷል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነሥተው 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግራቸው ይጓዛሉ፤ ጦርነት ባላገዳቸው ጊዜ ዓድዋ ድረስ ዘልቀዋል። ሚያዝያ 27 ግን ጃንሆይ ከስደት የተመለሱበት ጉዞ መድረሻው ብቻ ነው የሚከበረው። መነሻው የት እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፍቷል።

መነሻው ካርቱም ነው። ጃንሆይ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከእንግሊዝ አገር በግብፅ በኩል ሱዳን ሲደርሱ ካርቱም የነበረው የእንግሊዝ ሹም ሁሉ እጁን ዘርግቶ አልተቀበላቸውም። ጥቂት ቀን ዋዲ ሃልፋ ላይ ከቆዩ በኋላ ከካርቱም በስተደቡብ፣ ነጭ ዓባይ በተገደበበት በጀበል አውልያ ቤት ተሰጣቸው። ካርቱም አጠገብ በሶባ ደግሞ ስደተኛው ጠመንጃ መያዝ ይማር ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ዲንደር ወንዝ አጠገብ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ ያለው እግር ነው። ወደ በላያ ተራራ የተነሣው መኪና በየጥሻው ተሰናከለ። በሺህ የሚቆጠር የበረሃ ግመል ደጋውን አልቻለም፣ የማያውቀውን ቅጠል በላ፣ መንገድ ላይ አለቀ። ከኋላ ለሚመጣው ኮምፓስ አያስፈልገውም ነበር ይባላል፤ የሬሳው ሽታ ይመራው ነበርና። ቡሬ፣ ደምበጫ፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ። መንገዱን ሁሉ ደግሞ አምስት ዓመት ዱር ያደሩት የጎጃም አርበኞች ነበሩ።

ጣቴን የማነሣው እዚህ ላይ ነው። ከኢትዮጵያውያኑ ሻለቃ ጦሮች ጎን ለጎን ጎጃም የገባው፣ ቡስቴድ የሚባል እንግሊዛዊ ያዘዘው የድንበር ሻለቃ፣ ወታደሩ ሱዳናዊ ነበር። የጎጃሙን ዘመቻ ለመራው እንግሊዛዊ ለዊንጌት ትምህርት ቤት ሰይመንለታል። ሱዳናዊው ወታደር ግን አራት ኪሎ ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። እንግሊዝ አዞት መጣ እንል ይሆናል። ቢሆንም እግሩ የራሱ ነበር።

ታዲያ ከካርቱም ተነሥተን እንጓዝ? ዛሬ ይህን የሚል ሰው ዜና አይሰማም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ከተማዋን አፍርሷታል። ዴም ሰፈር ቡና አፍልተው የኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በመተማ በኩል ተመልሰዋል፤ ሱዳናውያኑም አብረዋቸው ተሰደዋል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳኑ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ተዋጊዎች ካርቱምን ሲለቁ የወጡት በዚያው በጀበል አውልያ ግድብ ላይ ነው፤ በስልኬ ያየሁት ቪዲዮ በእግሩ የሚተመውን ሰው አሳየኝ። የእኛም ወገን ያው ነው፤ ጎጃም ውስጥ ተኩስ እያለ ከኦሜድላ ተነሡ ብዬ የሰው ልጅ አልልክም።

የመጨረሻዋ ቁራጭ ግን በእጃችን ናት። ጃንሆይ የገቡት በእንጦጦ ነው፤ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አድርሰው ቁልቁል ወረዱ፣ ዊንጌትም በነጭ ፈረስ ከፊት ነበር። ከእንጦጦ ማርያም እስከ አራት ኪሎ ጉልበቱ እንደኔ የሚያቃጭለው እንኳ በአንድ ጠዋት ይወርደዋል። በሚመጣው ሚያዝያ 27 አርበኞቹና ልጆቻቸው ከዚያ ይነሡ። አዲስ አበባ የተጠለሉትን ሱዳናውያንም እንጥራቸው፤ አያቱ በዚያ ሻለቃ የነበረ አንድ እንኳ አይጠፋም። ጎፈር የማያደርግ ጥምጥሙን አሥሮ ይምጣ።

መንገደኛው