የሚሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲረክስ ለካርቱም ነዋሪ ለምን አልረከሰም?

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ በዓለም ገበያ የኮምፒውተር ሚሞሪና የመረጃ ማከማቻ ዋጋ እያሽቆለቆለ ነበር። ከዚያ ስምንት ቀን አስቀድሞ፣ መጋቢት 29፣ የዓለማችን ግዙፉ የሚሞሪ አምራች ሳምሰንግ ገዢ ያጣ ቺፕ ስለተከማቸበት ምርቱን እንደሚቀንስ አስታውቋል። የኩባንያው የቺፕ ክፍል በዚያ የአውሮፓውያን ዓመት ወደ 15 ትሪሊዮን የደቡብ ኮሪያ ዎን ኪሳራ አስመዝግቧል።

ለአምራቾቹ ኪሳራ የሆነው ለቤት ተጠቃሚዎች መልካም አጋጣሚ ነበር። የካርቱም ነዋሪዎች ግን ይህ ዕድል ሳይደርሳቸው አመለጣቸው።

ዋጋው ለምን ወረደ?

በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ሥራና ትምህርት ወደ ቤት በመግባታቸው የላፕቶፕና የስልክ ፍላጎት ናረ፤ ፋብሪካዎችም ምርታቸውን አሳደጉ። ፍላጎቱ ሲቀዘቅዝ ምርቱ ተትረፈረፈ። የኮምፒውተር ራም ገበያን በአብዛኛው የተቆጣጠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን ናቸው። በቢሊዮኖች ዶላር የተገነባን ፋብሪካ በቀላሉ ማቆም ስለማይቻል፣ ይህ ገበያ ከጥጋብ ወደ እጥረት፣ ከእጥረት ወደ ጥጋብ ሲመላለስ ኖሯል።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ አንድ ጊጋባይት የሚይዝ የኤስኤስዲ ማከማቻ አንድ ዶላር አካባቢ ያወጣ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ግን አንድ ሺህ ጊጋባይት የሚይዘው ከ50 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

ካርቱም የሚደርሰው ዋጋ

ከማዕከላዊ ካርቱም በስተደቡብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ በሚገኘው ካርቱም ሁለት ግን ዋጋውን የሚወስነው የቺፕ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. የጣለችው ሰፊ ማዕቀብ ለሁለት አሥርት ዓመታት ከሱዳን ጋር የሚደረገውን ንግድና የባንክ ዝውውር አግዷል። በ2007 ዓ.ም. ለግል መገናኛ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች ፈቃድ ቢሰጥም፣ የንግድ ማዕቀቡ የተነሳው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። ሱዳን ሽብርተኝነትን ከሚደግፉ አገራት ዝርዝር የወጣችው ደግሞ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነበር።

ማዕቀቡ ሲነሳ የምንዛሪው ችግር ቀጠለ። የካቲት 2013 ዓ.ም. ማዕከላዊ ባንኩ የአንድ ዶላርን ዋጋ ከ55 ወደ 375 የሱዳን ፓውንድ ከፍ አደረገ። በጦርነቱ ዋዜማ 600 ገደማ የደረሰው ዶላር፣ በኋላ በትይዩ ገበያ ከ3,000 ፓውንድ በላይ ተመንዝሯል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የ50 ዶላር ዲስክ ከጦርነቱ በፊት 30 ሺህ ፓውንድ ያህል ያወጣ ነበር፤ ዋጋው በዶላር ምንም ሳይጨምር ከ150 ሺህ አልፏል። የመጓጓዣ ወጪ፣ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ በዚህ ላይ ይደመራሉ።

የኢትዮጵያ ሸማቾችም ይህን ያውቁታል። ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ከዲስኩ ጋር የጠፋው

የማከማቻ ዋጋ ለካርቱም ሰው የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ውጊያው በአውሮፕላን ማረፊያውና በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ዙሪያ ሲጀመር ካርቱም ሁለት በቅርብ ርቀት ላይ ነበረች። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ይኖሩበት የነበረው ደይም ሰፈርም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ነዋሪዎች ሲሸሹ ቤቶችና ሱቆች ተዘረፉ፤ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ቅጂ የነበረባቸው ኮምፒውተሮችም አብረው ሄዱ።

መረጃን በኢንተርኔት ማስቀመጥም ብቻውን መፍትሔ አልሆነም። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የዛይን፣ የሱዳኒና የኤምቲኤን አገልግሎቶች ተቋርጠው አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከዓለም ተለይቶ ነበር።

ቅጂ ማስቀመጥ ያለውን ጥቅም የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የመሐመድ ዑመር በሺር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ብርቅ ሰነዶች ወድመዋል። በአንጻሩ ‘ሱዳን ሚሞሪ’ የተሰኘው ፕሮጀክት ከጦርነቱ በፊት ከልዩ ልዩ ስብስቦች በዲጂታል የቀዳቸው ፎቶግራፎች፣ ፊልሞችና ጽሑፎች ዛሬም ይገኛሉ።

የርካሹ ዘመን ማብቂያ?

ጦር ኃይሉ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን ዳግም ከተቆጣጠረ ወዲህ በርካቶች ወደ ከተማዋ እየተመለሱ ነው። የተዘረፈባቸውን የሚተኩት ግን ገበያው ፊቱን ባዞረበት ወቅት ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ የመረጃ ማዕከላት ከፍተኛ መጠን ያለው ሚሞሪ ስለሚገዙ አምራቾች ፊታቸውን ወደ እነዚህ ደንበኞች መልሰዋል። ኅዳር 24/2018 ዓ.ም. ማይክሮን ለቤት ተጠቃሚዎች ያቀርብ የነበረውን ‘ክሩሻል’ የተሰኘ ምርቱን እንደሚያቆም አስታውቋል። በዚያው ሰሞን የአንዳንድ ራሞች የችርቻሮ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

ይህ ገበያ ከዚህ ቀደም እንደታየው ዳግም ሊረክስ ይችላል። ይሁንና የፓውንዱ መውደቅ ካልተገታ መጪው ቅናሽም እንደ ፊተኛው በምንዛሪው ተውጦ ይቀራል። እስከዚያው ግን የአንድ ቤተሰብ ወሳኝ ሰነዶች ቅጂ ብዙ ቦታ አይፈልግም፤ በትንሽ ፍላሽ ላይ ተቀድቶ በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ እጅ ሊቀመጥ ይችላል።