«ደኅና ነኝ» የሚለው ወታደር

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ዝም ሲል «ጠንካራ ነው» እንላለን። ሲጠጣ፣ ሲጮህ፣ ሌሊት በር ከፍቶ ሲወጣ ደግሞ «ምን ነካው?» ብለን እንደነግጣለን። ሰውየው እኮ አንድ ነው፤ ያን ጊዜ ገና ስላልፈነዳ ነው ያደነቅነው።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። በእኛ ሙያ የተጠላ ልማድ አለ፤ ፕሮግራሙ ኤረር ሲያጋጥመው ለማንም ሳይናገር ውጦት እንዲያልፍ አድርጎ መጻፍ። ስክሪኑ ላይ ሁሉ ሰላም ነው፣ ውስጥ ውስጡን ግን ዳታው ይበላሻል። «የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው» የምንለው ከዚህ በምን ይለያል? ራስን መግዛት የተሰማህን አውቀህ፣ ከዚያ የምታደርገውን መምረጥ ነው። መዋጥ ሌላ ነው።

ወረታ የሩዝ መፈልፈያ የሞላባት ከተማ ናት። አንዱ ደጃፍ ላይ ከአንድ የቀድሞ የልዩ ኃይል አባል ዘመዴ ጋር ቆመን የሞተሩ ቀበቶ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ዞር ስል ግድግዳ ሥር ተኝቷል። ማታ ቤቱ ገብተን «እንቅልፍስ እንዴት ነው፣ ወንድም ጋሼ?» አልኩት። «ተመስገን፣ ደኅና ነው» አለኝ። ባለቤቱ ከጓዳ ሆና «እሱ እቴ! ከተመለሰ ወዲህ መብራት አጥፍቶ ተኝቶ አያውቅም» አለች። ሳቅን። ምን እናድርግ?

በ1983 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የደርግ ሠራዊት ተበተነ። የእነዚያን ሰዎች የውጊያ ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ስለ ሌሊታቸው ግን አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያ የ2013ቱ ጦርነት መጣ፣ ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት ልዩ ኃይሉ «መከላከያ፣ ፖሊስ ወይም ሲቪል ሕይወት ምረጥ» ተባለ። ክረምቱ ሳይወጣ አማራ ክልል ሌላ ውጊያ ውስጥ ገባ። በዚህ መሀል ሰውየው መቼ ይረፍ?

አሜሪካኖች በ2009 እ.ኤ.አ. መላውን የምድር ጦራቸውን የሥነ ልቦና ጽናት ማሠልጠን ጀመሩ። ያው ወታደር ግን ወደ ኢራቅና አፍጋኒስታን ደጋግሞ ይላክ ነበር። ሥልጠናውን አልንቅም፤ ትንፋሽን መግራትም ይጠቅማል፣ ጸበሉንም አልቃወምም። የሚያናድደኝ ሸክሙ ሳይቀንስ ትከሻው ብቻ ሲመከር ነው።

የፎገራ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ገበሬውን «ጠንከር በል» ብሎ የሚሄድ የለም። የወንዙ ዳር አፈር ይከመራል፣ ቦይ ይቀደዳል። ለወታደርም ክምሩ ይታወቃል፤ ፈረቃ፣ በሰዓቱ የሚሰጥ እረፍት፣ ያልተቋረጠ ደመወዝ፣ ሲታመም ፈሪ የማይለው አዛዥ፣ ሲመለስ በቅርብ የሚያገኘው ባለሙያ። አብዛኛው «ወኔ» የምንለው ነገር ከዚህ ነው የሚመጣው።

ተሰናባች ጠመንጃውን ሲያስረክብ ቁጥሩ ይመዘገብ የለ? እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጨመር፤ ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስንት ትጠጣለህ? ድንገት ድምፅ ስትሰማ ምን ትሆናለህ? መልሱንም «ደኅና ነኝ» ብሎ የሚዘጋ ሳይሆን ሚስቱንም የሚጠይቅ ሰው ይቀበለው።