የሕፃኑን መነጽር ተዉለት

ደሴ ፒያሳ ላይ መነጽር ያደረገ የአንድ ዓመት ሕፃን ያዘለች እናት ካለፈች መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ «ውይ የኔ እናት፣ ምን ሆኖ ነው?» ትላለች። ሌላው «አውልቂለት፣ ዓይኑን ታደክሚዋለሽ» ይላል። ታክሲ ውስጥ ደግሞ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚል አይጠፋም። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ፣ ገና ሀረጎን ሳትጨርስ፣ መነጽሩ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል።

ይህ አዛኝነት ዓይን ያጠፋል። ቃሉ አልተጋነነም። ሰው ሲወለድ ማየት ተምሮ አይመጣም። አንጎል ማየትን የሚማረው ከዓይን በሚደርሰው ምስል ነው፤ ትምህርቱም በመጀመሪያዎቹ ሰባትና ስምንት ዓመታት ውስጥ በአብዛኛው ያልቃል። አንደኛው ዓይን የደበዘዘ ምስል ሲልክ ከከረመ አንጎል ያንን ዓይን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው የፈለገ ውድ መነጽር ቢገዛለት አይመልሰውም። «ሰነፍ ዓይን» የሚባለው ይህ ነው። ሸውራራነትም ቢሆን አንዳንዱ ዓይነት በመነጽር ብቻ ይቃናል፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ግን አያቃናውም።

ሞራ ይዞት ተወልዶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕፃን ጉዳይ ይብሳል። ሞራው ሲወጣ የዓይኑ የተፈጥሮ ሌንስ አብሮ ወጥቷል። ያ ወፍራም መነጽር የወጣው ሌንስ ምትክ ነው። «አውልቂለት» ያለ ሰው የሐኪሙን ሥራ ገደል ከተተው ማለት ነው።

«ፊደል የማይቆጥር ልጅ በምን ተለክቶ ነው?» የሚሉም አሉ። ሕፃኑ ምንም መናገር አይጠበቅበትም። ጠብታ ይደረግለታል፣ ባለሙያው ብርሃን እያበራ ከዓይኑ የሚመለሰውን ነጸብራቅ በሌንስ ይለካል።

ሕፃን መነጽሩን መንጭቆ ይጥላል፤ እውነት ነው። ኮፍያውንም ካልሲውንም ይጥላል፣ ማንም ግን በዚያ ምክንያት በብርድ ራቁቱን አያስወጣውም። መላው ቀላል ነው። ሲጠግብና ሲጫወት ይደረግለት እንጂ እንቅልፍ ሲያዳፋው አይሞከር። የመጀመሪያ ቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ እየጨመሩ መሄድ ነው። ሲያወልቀው ሳይቆጡና ሳይስቁ መልሶ ማድረግ፤ ከሳቁ ጨዋታ ይመስለዋል። ከጭንቅላቱ ኋላ የሚያያዝ ለስላሳ ላስቲክ ብዙ ይረዳል። ሌንሱ የማይሰበር ፕላስቲክ ይሁን። አፍንጫው ላይ ከቀላ ወይም ከጆሮው ኋላ ከቆሰለ ጥፋቱ የልጁ እልኸኝነት አይደለም፣ ፍሬሙ አልሆነውም። የትልቅ ሰው ፍሬም አሳንሶ ለሕፃን የሚሸጥ ነጋዴ ካለ የሸጠው ዕቃ መንሸራተቻ ነው።

እናቶችን ብቻ መውቀስ ግን ነውር ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለወሎ ዓይነ ሕሙማን ለብዙ ዘመን መጠጊያ ሆኗል፤ የሞራ ዘመቻ ሲጠራ አዛውንቱ በሰልፍ ይመጣል። የሕፃናት መነጽርስ? በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 3.7 ከመቶው እይታው ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ሲሶ ያህሉ ችግራቸው በመነጽር የሚስተካከል ነበር። ያም ሆኖ የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ መነጽርን ከማይሸፍናቸው ነገሮች ተርታ፣ ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር ደረደረው። ለአንድ ዓመት ልጅ መነጽር ጌጥ ነው ብሎ የወሰነው ማን ይሆን?

ልጅ እያደገ ስለሚሄድ ፍሬሙ በየጊዜው ይቀየራል። ወጪውን አንዴ የቻለ ቤተሰብ ሁለተኛው ላይ ይደክማል። ደንቡ ቢያንስ ለሕፃናት ይከለስ።

ክትባቱ ደግሞ ዕድል ነበር። በ45 ቀኑ፣ በዘጠኝ ወሩ፣ በአሥራ አምስት ወሩ ሕፃኑ ጤና ጣቢያ ይመጣል፣ ክንድና ጭኑ ይታያል፣ ዓይኑን የሚያየው የለም። በትንሽ የዓይን መመልከቻ መብራት የብሌኑን ነጸብራቅ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀይ ከሆነ ደግ ነው። ነጭ ከሆነ ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ ልጁ ለሚቀጥለው ወር ሳይቀጠር የዚያኑ ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ።