ኮላሩ ይውለቅ

በዳላስና በፎርት ወርዝ መኪና ከሚነዳው ሐበሻ መካከል አንድም ቀን ከኋላ ያልተገጨ ቢፈለግ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ባለታክሲው፣ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሰው፣ የሌሊት ሥራ ጨርሳ ወደ ጋርላንድ የምትመለሰው ሁሉ በ635 መንገድ ላይ ቆመው ሳሉ ዷ! ይላል። ጭንቅላት እንደ ጅራፍ ይወናጨፋል። ፈረንጆቹም «ዊፕላሽ» ያሉት ለዚሁ ነው። መኪናው ይጠገናል፤ አንገት ግን ጉዱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው።

ከዚያ ምክር ይጎርፋል። አንዱ «ተኛ፣ አትነቃነቅ» ይላል። ሌላው «ክሱ እስኪያልቅ ኮላሩን እንዳታወልቅ» ይላል (ይህኛው ሳይማር ጠበቃ የሆነው ነው)። ሦስተኛው ደግሞ ወጌሻ ፍለጋ ይነሣል። ትኩስ ጉዳት ያለበትን አንገት ማስጠምዘዝ ግን ከሁሉም የከፋ ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ ኩቤክ፣ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ጥናቶችን አገላብጠው የደረሱበት ሌላ ነው፦ አጥንት ካልተሰበረ ሰውየው ቶሎ ይንቀሳቀስ፤ ኮላርና ረጅም ዕረፍት ማገገሙን ያዘገያሉ። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይልማል፣ መገጣጠሚያም ይደርቃል። ለሹፌር ደግሞ አንገት መዞር እንጀራው ነው፤ ጎኑን ሳያይ መስመር የሚቀይር ሁለተኛ አደጋ ይጠብቀዋል።

አስቀድሞ ግን ሐኪም! እጅ ከደነዘዘ ወይም ከደከመ፣ የአንገት አጥንቱ ሲነካ ካመመ፣ ወደ ጎን መዞር ካቃተ፣ ዕድሜም 65 ከደረሰ፣ ያለ ራጅ ምንም አይሞከር።

ስብራት የለም ከተባለ፣ ቀና ብለው ይቀመጡ። በዝግታ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ይዙሩ፤ መያዝ ሲጀምር ይመለሱ። አገጭዎን ወደ ኋላ ይሳቡ። ትከሻና ትከሻዎን ወደ ኋላ ያቀራርቡ። ዐሥር ዐሥር ጊዜ፣ በቀን ደጋግመው፤ መንገደኛ ሲጠብቁም ይሆናል። ቀለል ያለ ሕመም አያስፈራ፤ ወደ ክንድ የሚወርድ ከሆነ ግን ያቁሙ። እስክስታው ለጊዜው ይቆየን። ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ወራት የሚፈጅበትም አለ።

በቴክሳስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ሐኪም ወረቀት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ መሄድ ይቻላል፤ ቢያንስ ለ10 የሥራ ቀናት። ክፍያውን በተመለከተ የመኪና ኢንሹራንስዎን ውል ገልጠው ይዩ። «ፒአይፒ» የሚባለውን ሽፋን አልፈልግም ብለው ካልፈረሙ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን ቢያንስ እስከ 2,500 ዶላር ሕክምናዎን ይችላል።