ሕጉ የማይደርስበት የመጀመሪያው ዓመት

ከኦለንታንጂ ወንዝ ተነሥቶ ሃይ ስትሪትንና ኢንዲያኖላ አቬኑን እያቋረጠ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ክሊንተንቪል በኮሎምበስ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኝ፣ ዛፍ የበዛበትና ነዋሪው በአብዛኛው ነጭ የሆነ ሠፈር ነው። ለኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቅርብ በመሆኑ በዩኒቨርሲቲውና በሆስፒታሎቹ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይኖሩበታል። በዚህ ሠፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ይታሰብ። ፀጉሩን ድሬድ ማድረግ ጀምሮ፣ ስምንት ወር ታግሎ፣ በመጨረሻ ቆርጦ ጥሎታል። አሁን እንደገና ሊጀምር ነው። ሰውየው ለምሳሌ የቀረበ ነው፤ ገጠመኙ ግን ድሬድ የጀመሩ ብዙዎች የሚያውቁት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በፀጉሩ ላይ ይደፈደፋል። «የሐበሻ ፀጉር ለስላሳ ነው፣ አይይዝም» ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ከርዳዳ ፀጉር በራሱ ስለሚጠላለፍ ቶሎ ይቋጠራል፤ ወደ ዞማነት ያዘነበለው ደግሞ ይንሸራተታል፣ በታጠበ ቁጥር ይፈታል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው። ከሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይረግፋል። በማበጠሪያ በሚያዝ ፀጉር ላይ ይህ ርጋፊ ተጠርጎ ይወጣል፤ በድሬድ ላይ ግን ከቀሪው ጋር ተጠላልፎ እዚያው ይቀራል። ቁንዳላውን የሚያወፍረውና የሚያጠነክረው እርሱ ነው። ፀጉር በወር የሚያድገው ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ ጥቅልሉ ከውስጥ መያያዝ እስኪጀምር ወራት ያልፋሉ፤ በሚገባ እስኪበስል ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፀጉሩ ይንጨባረራል። ግማሹ ይቆማል፣ ግማሹ ይተኛል፣ ጫፉ ይበተናል፣ ሥሩ ያብጣል። መንጨባረሩ የሥራው አካል እንጂ የሥራው ጉድለት አይደለም።

ታዲያ ሙከራውን የሚያከሽፈው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ይህን መንጨባረር ለመደበቅ የሚደረገው ጥረት ነው። ሰኞ ስብሰባ ስላለ እሑድ ሥሩ እንደገና ይጠመዘዛል። ባለሙያዎች በአራትና በስድስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል የሚሉት ሥራ በየሳምንቱ ይደገማል። የሚበተነውን ጫፍ ለማስተኛት ሰም ይቀባል፤ ሰም በውኃና በሳሙና በቀላሉ ስለማይለቅ በቁንዳላው ውስጥ አቧራና ቆዳ እየሰበሰበ ይደርቃል። እናት ከአገር ቤት የላከችው ለጋ ቅቤ ለሹሩባ የተመሰገነ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ድሬድ ግን ማንሸራተቻ ይሆናል። ቅርጹ እንዳይፈታ ተብሎ መታጠቡም ይዘገያል፤ የታጠበውም ሳይደርቅ በኦሃዮ የጥር ብርድ ምክንያት በሱፍ ቆብ ይሸፈናል፣ ቆይቶም የሻጋታ ሽታ ያመጣል። ሥሩ በተደጋጋሚ ሲወጠር በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ፀጉር ይሳሳል። ይህን የሕክምና ባለሙያዎች በመጎተት የሚመጣ የፀጉር መመለጥ ይሉታል፤ በጊዜ ካልታረመ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በስምንተኛው ወር መቀስ ሲያነሣ የቆረጠው ፀጉር በአንድ በኩል የተጎዳ፣ በሌላ በኩል ገና ያልተቋጠረ ነበር።

የኦሃዮ ሕግ ይህን አደጋ ያውቀዋል። የክፍለ ግዛቱ የውበት ሙያ ሕግ የተፈጥሮ ፀጉር አሠራርን ሲተረጉም በእጅ የሚከናወንና በፀጉር ሥር ላይ ውጥረት የሚያስከትል ሥራ ይለዋል፤ መጠምዘዝን፣ መጎንጎንንና ድሬድ ማድረግን በዚያ ሥር ይዘረዝራል። ፀጉር የሚወጥረው ሰው በክፍለ ግዛቱ ቁጥጥር ሥር እንዲሠራ ይጠየቃል። ፀጉሩ በየሳምንቱ እንዲወጠር ያስገደደው የቢሮ ደንብ ግን ምንም አይጠየቅም።

በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ የተካሄደው የፀጉር ሕግ ክርክር ይህን ክፍተት እንዴት እንዳለፈው ለማየት ወደ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ መመለስ ይጠቅማል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2010 በአላባማዋ ሞቢል ከተማ አንዲት ጥቁር ሴት የመድን ካሳ ጥያቄዎችን በሚያስተናግድ ድርጅት ውስጥ ሥራ አግኝታ ነበር። የቅጥር ኃላፊዋ ድሬዷን ካልቆረጠች እንደማትቀጠር ነገረቻት። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ኃላፊዋ እንዲህ ያለ ፀጉር የመንጨባረር ዝንባሌ እንዳለው ተናግራለች፣ የአመልካቿ ፀጉር ግን እንዲያ ነው እንዳላለች ጨምራለች። ሴትየዋ አልቆርጥም አለች፣ ሥራውም ቀረ። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በድርጅቱ ላይ ክስ አቀረበ። በ2016 የአሥራ አንደኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ የሚጠብቀው ሊለወጥ የማይችለውን የዘር መገለጫ እንጂ ሊለወጥ የሚችል የፀጉር አሠራርን አይደለም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አልመለከትም አለ።

ክራውን በሚል ስም የሚታወቁት ሕጎች ለዚህ አስተሳሰብ መልስ ሆነው መጡ። በ2019 ካሊፎርኒያ ቀዳሚ ሆነች። የኮሎምበስ ከተማ ምክር ቤትም በ2020 መጨረሻ በፀጉር ዓይነትና አሠራር ምክንያት የሚደረግ አድልዎን ከለከለ፤ ክሊንተንቪል የከተማዋ አካል ስለሆነ ነዋሪው በዚህ ደንብ ይጠቀማል። በማርች 2022 የተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉን ረቂቅ በ235 ድምፅ በ189 ተቃውሞ አሳለፈ፤ ረቂቁ ግን በሴኔት በኩል አላለፈም።

እነዚህ ሕጎች የመለሱት የዳኞቹን ጥያቄ ነው፤ ድሬድ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን። የቅጥር ኃላፊዋን ጥያቄ አልመለሱም። እርሷ የፈራችው ያን ዕለት ያየችውን ፀጉር ሳይሆን ወደፊት ይመጣል ብላ የገመተችውን መንጨባረር ነበር። ለበሰለ ድሬድ ስጋቱ መሠረት የለውም። በመጀመሪያው ዓመት ላይ ላለ ሰው ግን እውነት ነው፤ ፀጉሩ ይንጨባረራል። «ድሬድ ክልክል ነው» የሚል ደንብ በኮሎምበስ ሕገ ወጥ ነው። «የሠራተኛው ፀጉር ምንጊዜም የተስተካከለ ይሁን» የሚለው ግን ለሁሉም እኩል የተጻፈ ስለሚመስል ሳይነካ ይቆያል፤ ጀማሪውን ከሥራው ወይም ከድሬዱ አንዱን እንዲመርጥ የሚያስገድደውም እርሱ ነው። ሕግ ያልጠቀሰውን ነገር ተቋማት ፈልገው እንደሚያገኙት ቴክሳስ አሳይታለች። የዚያ ክፍለ ግዛት ክራውን ሕግ በሴፕቴምበር 2023 በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ድሬድ ያለውን ተማሪ በርዝመቱ ምክንያት ከክፍል አገደው። በፌብሩዋሪ 2024 ዳኛው ሕጉ ስለ ርዝመት አይናገርም ብለው ለትምህርት ቤቱ ፈረዱ።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ የንጽሕናና የደኅንነት ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ወይም በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ልቅ ፀጉር አደጋ ነው። ይህ እውነት ነው፤ መፍትሔውም ቆብና መረብ ነው፣ ለሁሉም ዓይነት ፀጉር የሚያገለግል። ችግሩ ያለው ማሽን በሌለበት፣ ኮምፒውተርና ስብሰባ ብቻ ባለበት ቢሮ ንጽሕና የሚለው ቃል የዓይን ምርጫን ሲሸፍን ነው።

ቢሮው ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ክሊንተንቪል የሚኖረው ሰው እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ወደ ዘመድ ቤት ሲሄድ ሁለተኛ ምርመራ ይጠብቀዋል። አማርኛው ራሱ አስቀድሞ ፈርዷል፤ ዞማ ምስጋና ነው፣ ከርዳዳ ግን ከስድብ አይርቅም። ድሬድ ያደረገ ወጣት ዱርዬ ነው፣ ሐሺሽ ያጨሳል፣ ወይም «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ እንደ ሐዘንተኛ ይጠየቃል። የሚገርመው ይህን የሚሉት ሰዎች ገዳም ሄደው ፀጉሩ ተጠቅልሎ ከትከሻው የወረደ ባሕታዊ ሲያዩ ጎንበስ ብለው ይባረካሉ። በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከ1936 እስከ 1941 በዱር በገደል የተዋጉ አርበኞች ፎቶግራፍ ይኖር ይሆናል፤ ጎፈሬያቸው የቆመ፣ የአንዳንዶቹም ፀጉር ተጎንጉኖ የወረደ። የእስራኤል ናዝራውያንም፣ ሶምሶንን ጨምሮ፣ ምላጭ ራሳቸውን አልነካም። ያ ፀጉር ክብር ያገኘው ባለቤቱ ከዓለም የራቀ ወይም በዱር የኖረ ስለነበረ ነው የሚል ካለ ምክንያቱ ሚዛን ይደፋል። ግን እንዲያ ከሆነ ነውሩ ፀጉሩ ሳይሆን ፀጉሩን ይዞ ቢሮ መግባት ነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሞቢሏ የቅጥር ኃላፊ አስተያየት ብዙም አይርቅም።

ድሬድ ከራስ ተፈሪያን ጋር መያያዙም ለኢትዮጵያውያን የተወሳሰበ ነው። ስማቸውን ከንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞ ስም የወሰዱት ጃማይካውያን በአገራቸው ስለ ፀጉራቸው ተሰደዋል፤ በ1963 በኮራል ጋርደንስ ከተነሣው ግጭት በኋላ ብዙዎቹ ታስረዋል፣ ፀጉራቸውም በግድ ተላጭቷል። የጃማይካ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በሻሸመኔ ለአሥርት ዓመታት ለኖሩት ራስ ተፈሪያን የመኖሪያ መታወቂያ ለመስጠት ወሰነች። ኢትዮጵያን ብለው የመጡትን እንግዶች ለመመዝገብ ይህን ያህል ዘመን የፈጀ አገር ልጆች፣ ድሬድ የባዕድ ነው ብለው ሲከራከሩ ትንሽ ቆም ማለት ነበረባቸው።

ይህ ጉዳይ ከቪዛ፣ ከቤት ዋጋና ከአገር ቤቱ ጦርነት አንጻር ቀላል ነው የሚባልበት ምክንያት ይገባል። ነገር ግን የሞቢሏ ሴት ያጣችው ደመወዝ ነው። በዲያስፖራው ውስጥ ደግሞ በቅጥር ኮሚቴ የሚቀመጡ፣ የሠራተኛ መመሪያ የሚያረቅቁ፣ በከተማ ምክር ቤት ፊት ቀርበው የሚናገሩ ሰዎች እየበዙ ነው። ለእነርሱ ሥራው ከባድ አይደለም። በመመሪያው ውስጥ «የተስተካከለ» የሚለውን ቃል አውጥቶ «ንጹሕ፣ ሥራው በሚጠይቅበት ቦታም የታሰረ ወይም የተሸፈነ» ማለት ይቻላል። ንጽሕና ሊመረመር ይችላል፤ መስተካከል ግን የተመልካቹ ዓይን ነው። ቀጣይ የከተማ ወይም የክፍለ ግዛት ሕግ ሲረቀቅም ጥበቃው በመብሰል ላይ ያለ ፀጉርን እንደሚጨምር አንድ ሐረግ ማከል ይበቃል።

ሰውየው ሕጉ እስኪታረም አይጠብቅም። ሁለተኛውን ሙከራ ከመጀመሩ በፊት የሳሳው የግንባር ፀጉር እስኪመለስ ጥቂት ወራት አሳልፏል። ሰሙን ትቶታል፤ ቅቤውን ለእናቱ ሳይነግር ለዶሮ ወጥ አውሎታል። ክፍልፋዮቹን ከበፊቱ አነስ አድርጎ ይጠቀልላል፣ በየሳምንቱ ያጥባል፣ ሳይደርቅ ከቤት አይወጣም። ሥሩን በስድስት ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ያስነካል፣ በመካከል የሚቆመውም ይቆማል። ከሁሉ በፊት ግን ለአለቃው ስለ መጪው ዓመት አስቀድሞ ለመንገር አንድ አጭር ደብዳቤ ጽፎ፣ የከተማውን ደንብ ይጥቀስ ወይስ አይጥቀስ እያመነታ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ሳይልከው አስቀምጦታል።